የእሷ ተራ ደርሶ ነበር

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ብሎካችን ሥር ቁጭ ብለን «ጋሼ፣ ጸለይን፣ ጾምን፣ ምን ተለወጠ?» ብላችሁኝ ነበር። ያን ቀን ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር በአፌ አይሆንልኝም። ይኸው ጻፍኩት።

እንደምታውቁት ዕድሜዬን የፈጀሁት በግንባታ ምህንድስና ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባነው ከባለቤቴ ጋር ነበር፤ ያኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኛል። አፈሩን ገና ሳየው አልወደድኩትም። ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አሁን ስለ መሠረት ምሳሌ ሊናገር ነው ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። እሱን ሰባኪዎቹ በቂ ብለውበታል።

ከዚያ የባለቤቴ ኩላሊት ሥራ አቆመ። እጥበቱ በሳምንት ሁለቴ፣ ገንዘብ ሲገኝ ሦስቴ ነበር። አንዱ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የታክሲው ሰልፍ ሲጨመርበት ቀኑ አለቀ። ኩላሊት ውሃ ማስወጣት ሲያቅተው ደግሞ የሚጠጣው ሁሉ በልክ ነው። እህቷ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሃይላንድ ጠበል ታመጣላት ነበር። እሷ ግን ጠጥታ መጥገብ አትችልም። በሃይላንዱ ክዳን ትቀዳለች፣ ታማትባለች፣ ትጎነጫለች። አንዲት ክዳን። ከዚያ ከንፈሯን ትልሳለች። አንዴ ሳያት እንባዬ መጣ። «ምን ሆንክ? ይኼ በሊትር አይለካም እኮ» አለችኝ።

እግረ መንገዴን፣ ጠበል ከጀመራችሁ መድኃኒት አቁሙ የሚላችሁን ሰው አትስሙ። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ለስኳሩም ለኩላሊቱም ያው ነው።

ሁለት ዓመት ታግላ አረፈች። እድሩ ድንኳን ጣለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ሰው እየመጣ ዝም ብሎ ተቀመጠ። መቀመጣቸው ረዳኝ። ያቆሰለኝ «ለበጎ ነው» የሚሉት ነገር ነው። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እግዚአብሔር ኢዮብንም ገሥጾታል፤ በመጨረሻ ግን ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ የተቆጣው እነሱን ነው። ያ ሁሉ ሲያማርር የከረመውን ሰውዬ «ባሪያዬ» ነው ያለው።

እኔ ከአርባዋ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ከውጭ በሩን ተሳልሜ እመለሳለሁ። አልካድኩም፤ ተኳርፈን ነው።

ዳዊት መድገም ግን ከአባቴ የወረስኩት ልማድ ስለሆነ አልተውኩትም። ዳዊት በየዕለቱ የተከፋፈለ ነው፤ የሰኞው ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው። እዚያ ውስጥ በግእዙ 12ኛው፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 13ኛው ላይ፣ «አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚል አለ። አስቡት፤ አባቶቻችን ደህና ሆነውም ተከፍተውም በየሰኞው ይህንን ሲሉ ኖረዋል። ለኩርፊያም ቀን ተቆርጦለታል ማለት ነው! አንዳንድ ሰኞ እሷን መስመር ብቻ ብዬ መጽሐፉን እዘጋ ነበር።

አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ የ21 የማርያም ጽዋ የእሷ ተራ ደርሷል» አሉኝ። እሷ እኮ የለችም ልላቸው ስል፣ «ስሟን አላወጣንም» አሉ።

ምን ይባላል? ዳቦ የት እንደሚያስጋግሩ እንኳ አላውቅም ነበር። ጎረቤት ጠላውን ጠመቀልኝ። ቄሱ መጡ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ዳቦው ተቆረሰ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ምንም አልተሰማውም። ጥግ ይዤ ቆሜ የሳህኑን ቁጥር ነበር የማስበው። ሲያልቅ ጽዋውን ለተረኛዋ አስረከብኩ። በሚቀጥለው ወር «ቀረ» እንዳይሉኝ ብዬ ሄድኩ። በሦስተኛውም እንደዚያው። መቼ እንደታረቅን ቀኑን አላውቀውም። አንድ እሑድ ራሴን ቅዳሴ መሃል አገኘሁት።

ስለዚህ ሥራ ፍለጋው ዓመት ሲሞላው፣ ወይም የሚወዱት ሰው ሲታመም፣ ስሜቱ እስኪመለስ ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። በስልክ ስብከት መስማት ጥሩ ነው፤ ስልኩ ግን ስትቀሩ መጥቶ በር አያንኳኳም። ከሰንበት ትምህርት ቤታችሁ፣ ከማኅበራችሁ፣ ፕሮቴስታንት የሆናችሁም ከቤት ኅብረታችሁ ስማችሁን አታስወጡ። መዘመር ካቃታችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ካኮረፋችሁም እዚያው ሆናችሁ አኩርፉ።

ነገ 21 ነው። ተራው የሦስተኛ ፎቋ እናት ነው። ውሃ ከጠፋ ደግሞ አራተኛ ቀኑ ነው። ከእናንተ ሁለት ሦስት ጎበዝ በጠዋት ጀሪካን ይዞ ይምጣ። የእኔ ጉልበት ያን ደረጃ ከነጀሪካኑ አይችለውም።