«ሩሮኒ ኬንሺንን ከየት ልጀምር?» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። (ለማያውቅ፦ ሩሮኒ ኬንሺን የጃፓን ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚነበብ ታሪክ ነው፤ በ1996 እና በ2023 ሁለት ጊዜ አኒሜ፣ ማለትም የካርቱን ተከታታይ ሆኖ ወጥቷል።) «ከ11 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ጋር ሩሮኒ ኬንሺንን ልጀምር ነው፤ የ1996ቱን ወይስ የ2023ቱን? ዋና ዋና ታሪኮቹስ የትኞቹ ናቸው? በጊዜ ቅደም ተከተል ለማየት ብዬ የወጣትነቱን ዘመን የሚያሳየውን አራት ክፍል አውርጃለሁ» ብለሃል። ከሥሩ «ጎበዝ፣ ከመነሻው ጀምር» የሚሉ መልሶች ሲደረደሩ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። እባክህ ያወረድከውን ለጊዜው አስቀምጠው። እኔ በዚያ መንገድ ሄጄ ነው ታሪኩ የተበላሸብኝ።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ፍላሽ ይዤ ፊልም የማስጭንበት ሱቅ ነበር። ልጁ «ይኼ የሳሙራይ ነው፣ አጭር ነው፣ ትወደዋለህ» ብሎ እነዚያኑ አራት ክፍሎች ጫነልኝ። በአንድ ሌሊት ጨረስኳቸው። አልዋሽህም፣ የመኝታ ጓደኞቼ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አልቅሻለሁ። ችግሩ የመጣው ከወራት በኋላ ዋናውን ተከታታይ ስጀምር ነው። በዋናው ባለታሪክ በኬንሺን ግራ ጉንጭ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጠባሳ አለ፤ ደራሲው ይህ ጠባሳ ከየት እንደመጣ ሳይናገር አንባቢውን ለዓመታት ይዞት ይጓዛል። እኔ ግን መልሱን ከጥያቄው በፊት አግኝቼዋለሁ። አንድ ሰው ጠባሳውን ባየ ቁጥር ሌሎቹ ይገረማሉ፣ እኔ አውቃለሁ። ያንን ጉጉት ማንም አይመልስልኝም።

ስለዚህ ታሪኮቹን እነግርሃለሁ፤ ጠባሳውን ግን አልነካውም።

ሁሉም የሚጀምረው በ1878 ቶኪዮ ውስጥ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የቶኩጋዋ ሾጉኖች (ሀገሪቱን የሚገዙት የጦር አለቆች) አገዛዝ ወድቆ የሜጂ መንግሥት ከቆመ አሥር ዓመት ሆኖታል። በ1876 የወጣ አዋጅ ተራውን ሰው ጎራዴ ታጥቆ እንዳይወጣ ከልክሏል። በዚህ መሀል ቁመቱ አጠር ያለ፣ ጸጉሩ ቀይ፣ ትሕትናው የበዛ አንድ ተንከራታች ጎራዴውን እንደታጠቀ ብቅ ይላል። ሂሙራ ኬንሺን ነው። በለውጡ ዓመታት ሾጉኖቹን ለመጣል ለታገሉት የቾሹ ግዛት ሰዎች በኪዮቶ ጨለማ ውስጥ ሰው ሲገድል የኖረ፣ ስሙ ብቻ የሚያስበረግግ ነፍሰ ገዳይ ነበር። አሁን የያዘው ጎራዴ የተገለበጠ ነው፤ ጠላት ላይ የሚያርፈው ደነዙ ጎን ሲሆን የተሳለው ጎን ወደ ባለቤቱ ዞሯል። «ሳካባቶ» ይሉታል። ዳግመኛ ሰው ላይገድል ምሏል። እንዲያው ስታስበው፣ ይህን ጎራዴ በኃይል የሚሰነዝር ሰው ስለቱን ወደ ራሱ እንደያዘ ነው የሚኖረው።

የመጀመሪያው ታሪክ የቶኪዮው ነው፤ በ1996ቱ አኒሜ እስከ 27ኛው ክፍል ይሄዳል። ኬንሺን ካሚያ ካኦሩ የምትባል፣ ከአባቷ የወረሰችውን የጎራዴ ማስተማሪያ ቤት ብቻዋን የያዘች ወጣት ቤት ያርፋል። ቀስ በቀስ ሌሎች ይሰበሰባሉ፦ ለወሮበሎች ኪስ ሲያወልቅ የነበረው የሳሙራይ ልጅ ያሂኮ፣ ተገድዳ ኦፒየም ትሠራ የነበረችው ሐኪም ሜጉሚ፣ ለገንዘብ የሚደባደበው ሳኖሱኬ። ታናሽ ወንድምህ ያሂኮን እንደሚወደው እርግጠኛ ነኝ፤ አሥር ዓመቱ ነው፣ «ትንሽ» ሲሉት ያብዳል።

ሳኖሱኬ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ልብሱ ጀርባ ላይ «ክፉ» የሚል የጃፓንኛ ፊደል ተጽፏል። ልጅ ሳለ ሴኪሆታይ በሚባል ጦር ውስጥ ነበር። ይህ ጦር በእውነተኛው ታሪክም የነበረ ነው፤ አዲሱ መንግሥት የገበሬውን ግብር በግማሽ ይቀንሳል እያለ በየመንደሩ አወጀ፣ በኋላ መንግሥት ቃሉን ማክበር ሲያቅተው ሰዎቹን «ሐሰተኛ ጦር» ብሎ መሪያቸውን ሳጋራ ሶዞን በ1868 አስገደለ። ሳኖሱኬ የዚያን ሰው የቤተሰብ ስም ወርሶ፣ የተለጠፈበትንም ስድብ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ይዞራል። የእኛም ሀገር ምሁራን በአንድ ወቅት በሜጂዋ ጃፓን ተማርከው ነበር፤ የ1923 ዓ.ም. (ይኼ እንኳ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሕገ መንግሥታችን ከሜጂው ብዙ ቀድቷል። እኔ ያንን በትምህርት ቤት ስማር የጃፓን ስልጣኔ ያለ ዕዳ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ዕዳውን ማን እንደከፈለ መጀመሪያ ያሳሰበኝ ሳኖሱኬ ነው።

እዚሁ የቶኪዮው ታሪክ ውስጥ ጂንኤ የሚባል ነፍሰ ገዳይ ካኦሩን አግቶ ኬንሺንን ወደ ድሮው ማንነቱ ሊጎትተው ይሞክራል። እዚህ ላይ ጆሮህን አቅና። ኬንሺን ስለ ራሱ ሲናገር «ሴሻ» ይላል፤ ራስን ዝቅ የሚያደርግ ያረጀ «እኔ» ነው። ገዳይነቱ ሲመለስበት ቃሉ ይለወጣል፣ «ኦሬ» ይላል። የግርጌው ጽሑፍ ሁለቱንም «እኔ» ብሎ ያልፋቸዋል። እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ሲቀያየሩ የሰው ፊት እንደሚቀየር የምናውቅ ሰዎች ይህ ሊያመልጠን አይገባም። ለዚህ ነው በእንግሊዝኛ ድምፅ አትየው የምልህ።

ቀጥሎ የኪዮቶው ታሪክ ይመጣል፤ ከ28ኛው እስከ 62ኛው ክፍል፣ በማንጋው ከ7ኛው ቅጽ ጀምሮ። አብዛኛው ሰው «ኬንሺን» ሲል ይህን ማለቱ ነው። ሳይቶ ሃጂሜ የሚባል የድሮ ጠላት፣ ለሾጉኖቹ ይዋጋ የነበረው የሺንሴንጉሚ ጦር የሦስተኛው ክፍል አዛዥ የነበረ፣ አሁን ፖሊስ ሆኖ ይመጣል (እሱም በእውነት የነበረ ሰው ነው፣ በእውነትም ፖሊስ ሆኗል)። በካኦሩ ቤት ውስጥ የሚያደርጉት ፍልሚያ ቀልድ የለበትም፤ ያ ትሑት ሰውዬ ዓይኑ ሲለወጥ ካኦሩ ጥግ ይዛ ታያለች። የሚያስቆማቸው የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኦኩቦ ቶሺሚቺ ነው። ኪዮቶ ውስጥ ሺሺዮ ማኮቶ መንግሥት ሊገለብጥ ጦር እያደራጀ ነው፣ አስወግድልን ብሎ ኬንሺንን ይጠይቀዋል። ሺሺዮ ኬንሺንን በገዳይነት የተካ ሰው ነው፤ ምስጢር ያውቃል ብለው የገዛ ወገኖቹ ወግተው አቃጥለውታል፣ ሰውነቱ በሙሉ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ላብ ማውጣት አይችልም፣ ከ15 ደቂቃ በላይ መዋጋትም አይገባውም። ይህቺን አሥራ አምስት ደቂቃ በአእምሮህ ያዛት።

ኬንሺን ለመወሰን አንድ ሳምንት ይሰጠዋል። መልሱን ሊሰጥ በሚሄድበት ቀን፣ ሜይ 14 ቀን 1878፣ ኦኩቦ በሠረገላው ውስጥ ይገደላል። ቀኑ እውነተኛ ነው፤ ኦኩቦ በዚያው ዕለት በቂመኛ ሳሙራዮች እጅ ሞቷል። ደራሲው ገዳዩን ብቻ በራሱ ሰው ተካው። የዚያኑ ዕለት ማታ ኬንሺን ካኦሩን ሊሰናበት ይሄዳል። በ1996ቱ አኒሜ 31ኛው ክፍል ላይ ነው፤ ጨለማ፣ ውኃ ዳር፣ አብሪ ትሎች ብልጭ ድርግም ይላሉ። አቅፏት ያመሰግናትና ይሄዳል። ከዚያ በፊት ሲያቅፋት አይተን አናውቅም። እሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትቀራለች። የ2023ቱ አኒሜም በኋለኛው ምዕራፉ ይህንኑ አሳይቷል፣ ሥዕሉም የጠራ ነው፤ እኔ ግን አሁንም የድሮው ነው የሚታየኝ።

ኦኩቦን የገደለው ሶጂሮ የሚባል፣ ከፊቱ ፈገግታ የማይጠፋ ልጅ ነው። የዚህን ልጅ ታሪክ ሳታይ እንዳታልፍ። ሩዝ ነጋዴ ቤት ውስጥ ያደገ ዲቃላ ነው፤ ከባድ ጆንያ ያሸክሙታል፣ ሲያጎድል ይደበድቡታል። አንድ ቀን ሲመቱት ፈገግ ቢል መቺዎቹ ሰልችቷቸው እንደሚተዉት ይደርስበታል፤ ከዚያ ወዲያ ፈገግታው ጋሻው ሆነ። ሺሺዮ ከመንግሥት ሸሽቶ እነሱ ጎተራ ሲደበቅ ልጁ ምግብና ፋሻ ይወስድለታል፤ ሺሺዮም አጭር ጎራዴ ይሰጠውና ጠንካራ ይኖራል፣ ደካማ ይሞታል የሚለውን ሃይማኖቱን ያስተምረዋል። ቤተሰቡ ሸሽጎ ማቆየቱን አውቀው ሊገድሉት ሲመጡ ወለሉ ሥር ገብቶ ይደበቃል፣ አጭሩን ጎራዴም ይመዛል። ቀጥሎ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ታየዋለህ፤ ፊቱ ፈገግ እንዳለ ነው፣ ውኃው ግን በጉንጩ ይወርዳል፣ ዝናቡ ይሁን እንባው አይለይም። ኬንሺን ይህን ልጅ ሲገጥም የሚያስቸግረው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ስሜት ስለሌለው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ፊቱ ላይ አይነበብም።

በመጀመሪያው ግጥሚያቸው የኬንሺን ጎራዴ ይሰበራል። ስለዚህ ወደ ድሮ መምህሩ ሂኮ ይመለሳል። እዚያ የሚማረው የመጨረሻው ዘዴ መሠረቱ አንዲት እርምጃ ናት። ጎራዴ ከግራ ወገብ ነው የሚመዘዘው፤ እግሩን እንዳይቆርጥ ማንኛውም መዛዥ የሚያስቀድመው ቀኝ እግሩን ነው። ይህ ዘዴ ግን በግራ እግር መራመድን ይጠይቃል። ያቺ ቅንጣት ጊዜ ውስጥ የገባች ግማሽ እርምጃ የምትሠራው ለመኖር የቆረጠ ሰው ሲረግጣት ብቻ ነው፤ ኬንሺን ደግሞ እስከዚያ ድረስ ነፍሱን እንደ ርካሽ ዕቃ ሲይዝ የኖረ ሰው ነው። የቀረውን፣ ማለትም የኪዮቶን መቃጠል፣ የሺሺዮን የጦር መርከብ፣ «አሥሩ ጎራዴዎች» የሚባሉትን የሺሺዮን ተዋጊዎች ፍልሚያ ለአንተ ትቼዋለሁ። ከአሥሩ ውስጥ ሦስት አራቱ ለማድመቅ ያህል የገቡ ናቸው፤ መነኩሴው አንጂ ግን ከሳኖሱኬ ጋር ሲገናኝ ስልኩን አጥፋ።

ከ63ኛው ክፍል ጀምሮ የ1996ቱ አኒሜ ማንጋውን ይለቃል። እስከ መጨረሻው ድረስ ያለው ማሟያ ነው፤ የሺማባራ ክርስቲያኖች ታሪክ ጥቂት ደህና ነገር አለው፣ የቀረውን እኔ ደግሜ አላየሁትም። የሚያናድደው ሦስተኛው ታላቅ ታሪክ፣ ማለትም የኤኒሺ በቀል፣ በዚያ አኒሜ ጭራሽ አለመሠራቱ ነው። በማንጋው ከ18ኛው ቅጽ አካባቢ እስከ 28ኛው ድረስ ነው። ኤኒሺ በሻንጋይ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ሆኖ ያደገ ወጣት ነው፤ ኬንሺንን መግደል አይፈልግም፣ በሕይወት ሳለ እንዲሰቃይ ነው የሚፈልገው። ለምን እንደሆነ ኬንሺን ራሱ ጓደኞቹን ሰብስቦ ይነግራቸዋል፤ አንተ ያወረድካቸው አራት ክፍሎችም ያ ታሪክ ናቸው። ደራሲው ቦታውን የመረጠው አውቆ ነው። ካኦሩና ሌሎቹ ተቀምጠው ሲሰሙ አንተም አብረሃቸው ተቀምጠህ መስማት አለብህ። በ2021 የወጡት ሁለቱ የተዋናይ ፊልሞች እንኳ የበቀሉን አስቀድመው፣ የወጣትነቱን አስከትለው ነው የታዩት።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ከወንድምህ ጋር የ2023ቱን ጀምሩ፤ ማንጋውን ጠበቅ አድርጎ ይከተላል፣ ማሟያ አያበዛም። አንተ ለብቻህ የኪዮቶውን ከ1996ቱ ላይ ተመልከተው፤ የኬንሺንን ድምፅ የምትሰጠው ሴት ናት፣ መጀመሪያ ግር ይልሃል፣ በአሥረኛው ክፍል ሌላ ድምፅ አትቀበልም። ከዚያ ማንጋውን ከ18ኛው ቅጽ ያዝ፤ ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ በአንድ ቀን ይለመዳል። ወደ ኋላ የሚመለሰው ትረካ ላይ ስትደርስ ማንጋውን አስቀምጠህ አራቱን ክፍሎች ክፈት። በ2001 እና በ2002 የወጣውን የሁለት ክፍል ማጠቃለያ አልመክርህም፤ ለእነዚህ ሰዎች ማንጋው የሰጣቸውን መጨረሻ ይነጥቃቸዋል።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ባልፍ ደስ አይለኝም። ደራሲው ኖቡሂሮ ዋትሱኪ በ2017 የሕፃናት ወሲባዊ ቪዲዮ ይዞ በመገኘቱ ተከሶ በ2018 የ200 ሺህ የን ቅጣት ተጥሎበታል። የሆካይዶው ቀጣይ ታሪክ ገና በ2017 ተጀምሮ የተቋረጠው በዚህ ነው፤ በኋላ ቀጥሏል። በዚህ ምክንያት ሥራውን እርግፍ አድርገው የተዉ ጓደኞች አሉኝ፣ ልክ አይደላችሁም አላልኳቸውም። እኔ የድሮዎቹን ቅጾች አሁንም አነባለሁ፣ አዲስ ግን አልገዛሁም። ለልጅ የምታሳይ ሰው ስለሆንክ ይህን ከእኔ ብትሰማ ይሻላል ብዬ ነው።

ለወንድምህ የቶኪዮው ታሪክ ይሆነዋል፤ የኪዮቶው ላይ አጠገቡ ተቀመጥ። አራቱን ክፍሎች ግን አታሳየው፤ ደሙ ብዙ ነው፣ ሐዘኑም ለልጅ ይከብዳል። ጠባሳው ከየት መጣ ብሎ ከጠየቀህ፣ መጠየቁም አይቀርም፣ ሲያድግ ማንጋውን ስጠው።