የአጋዘን አደን በግል እርሻ ላይ፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ማደን ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ሦስት እርሻዎች ላይ ፈቃድ አለኝ፣ ለአንዳቸውም ኪራይ አልከፍልም። በየዓመቱ ኦክቶበር ሲመጣ ስልኬ አያርፍም፤ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚጠይቀኝ። ስለዚህ እዚሁ በአንድ ላይ ልመልስ። አገር ቤት አጋዘን የምንለው ሌላ እንስሳ ነው፤ እዚህ ያለው ነጭ ጅራቱ ዲር ነው። ግን ሁላችንም አጋዘን ማለቱን ስለለመድነው በዚያው እንቀጥል።

ከማናሳስ፦ ጋሼ፣ በቅናሽ የሚታደንበት የግል መሬት እንዴት ነው የማገኘው? ብዙ ብር የለኝም።

መልስ፦ ብሩን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ገበሬው ምን እንደቸገረው እወቅ። አኩሪ አተር የሚዘራ ሰው በጁን ቡቃያው ብቅ ሲል አጋዘን ከጫካው ዳር እየወጣ ይግጥበታል። ማሳውን ብታየው መሐሉ ለምለም ነው፣ ዳር ዳሩ ግን የተላጨ ይመስላል። ያ ሰው በየዓመቱ ገንዘቡ ሲበላ እያየ ነው። ለእሱ አዳኝ ሸክም አይደለም፣ እርዳታ ነው።

ግን የሚፈልገው ሴቷ እንድትመታለት ነው። ቀንዳሙን ወንድ መግደል የአጋዘን ቁጥር አይቀንስም፤ የምትወልደው ሴቷ ናት። እኛ ደግሞ የመጣነው ለሥጋ ነው፣ ቀንድ አይበላም። አብዛኛው አዳኝ በር አንኳኩቶ ስለ ትልቅ ቀንድ ያወራል። አንተ «ሴቶቹን ነው የምመታልህ፣ ቀንዳሙን ለቤተሰብህ ተወው» በለው። በዚህች ዓረፍተ ነገር ብቻ ሁለት እርሻ አግኝቻለሁ።

የመንግሥት የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትም ሰብሉ ለሚጎዳበት ገበሬ ተጨማሪ የሴት አጋዘን ፈቃድ ይሰጣል፤ ዲካፕ ይሉታል። ብዙ ገበሬ አያውቀውም፣ ቢያውቅም የሚያድንለት ሰው የለውም። ይህን አጥንተህ ብትነግረው የምታወራውን የምታውቅ ሰው መሆንህን ያያል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ኦክቶበር ላይ አትሂድ። ፌብሩዋሪ ላይ ሂድ። ኦክቶበር ላይ አሥረኛው ለማኝ ነህ፤ ፌብሩዋሪ ላይ ብቸኛው እንግዳ ነህ። እኔ ከልፔፐር አካባቢ የመጀመሪያውን እርሻ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን አይሆንም አለኝ። ንፋስ የጣለው ዛፍ አጥሩን ደፍቶት ነበር። «አደኑን ተወው፣ ቅዳሜ መጥቼ አጥሩን እናንሳ» አልኩት። ሁለት ቅዳሜ ሠራን። በሦስተኛው ሳምንት ደውሎ ጠራኝ። ዛሬ እሱ አርፏል፤ ልጁ መሬቱን ሲወርስ እኔንም አብሮ ወረሰኝ።

ፈቃዱን በጽሑፍ ያዝ። ይህን ዛሬ ብዙ ጊዜ እደግመዋለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለሜሪላንድ ሰውስ?

መልስ፦ አጠገብህ ነው ያለው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የእርሻ ጥብቅ ቦታ ከ1980 ጀምሮ የተከለለ ነው፣ 93,000 ኤከር ገደማ። ከቤትህ አንድ ሰዓት አይሞላም። በቆሎና አኩሪ አተር በሽ ነው፣ አጋዘኑም እንደዚያው። እዚያ የጽሑፍ ፈቃድ ሕግ ነው፣ ኪስህ ውስጥ መሆን አለበት። ዛፍ ላይ ቁመቱን የተቀባ ሰማያዊ ቀለም ካየህ ደግሞ መግባት ክልክል ማለት ነው። ሕጉ ከእኛ ይለያል፤ የሜሪላንድን መጽሐፍ አንብብ፣ የእኔን አፍ ብቻ አትመን።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ሊዝ ስንት ነው? ክለብስ?

መልስ፦ እንደ ቦታው ነው። በኤከር ነው የሚሰላው፣ ለዲሲ በቀረበ ቁጥር ይወደዳል። ብቻህን አትሞክረው። አራት አምስት ሆናችሁ ተካፈሉት፣ ኢንሹራንሱንም በውሉ ጻፉት። ክለብ ወደ ደቡብ ቨርጂኒያ ስትወርድ ይረክሳል። ግን እዚያ ብዙዎቹ በውሻ የሚያድኑ ናቸው፤ ከመክፈልህ በፊት አንድ ቅዳሜ አብረሃቸው ዋል።

ከውድብሪጅ፦ ርካሽ ቦታ ካለ አድራሻውን ላክልኝ።

መልስ፦ የለም። የሰው እርሻ አድራሻ አልሰጥም።

ከፍሬድሪክስበርግ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ። ጥቁር ነኝ፣ እንግሊዝኛዬም እንደ ተወላጅ አይደለም። ገጠር ገብቶ የማላውቀው ሰው በር ማንኳኳት ያስፈራኛል። አንተ አልፈራህም?

መልስ፦ ፈርቻለሁ። ይህን ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ፣ ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት ነው የሚቀረው።

የማደርገውን ልንገርህ። በጠራራ ቀን እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ ከረፋዱ በኋላ። የአደን ልብስ አልለብስም። መኪናዬ ውስጥ ጠመንጃም ቀስትም አይኖርም። መኪናዬን ከቤቱ በሚታይበት አቆማለሁ። አንኳኩቼ ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ እጄን ኪሴ አልከትም። ልጄ ትንሽ እያለች ይዣት እሄድ ነበር። «መግባት ክልክል ነው» የሚል ምልክት ያለበትን መንገድ ግን ለማንኳኳትም አልገባም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባል የለ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን በር አለማንኳኳት ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ አትክልት የሚሸጠውን ገበሬ እዚያው ተዋወቀው። ብዙዎቻችን ለፋሲካ በግ የምንገዛው ከእርሻ ነው አይደል? ያ በግ የሸጠልህ ሰው እኮ ያውቅሃል! ገንዘብህን ተቀብሏል፣ እጅህን ጨብጧል። አጋዘን ያስቸግረው እንደሆነ ጠይቀው። እሱ ባይሆን ጎረቤቱ አለ። ሁለተኛው እርሻዬ የመጣው ከበግ ሻጬ ነው። የእኛ ሰው ይህን በር እያለፈ ሌላ በር ሲፈልግ ያሳዝነኛል።

አይሆንም ካለህ አመስግነህ ውጣ። ፊቱ ደስ ካላለህም ውጣ። አንድ አጋዘን ለሕይወትህ ስጋት አይገባውም።

ከሄርንደን፦ ግሪን ካርዴ ገና በሂደት ላይ ነው። ጠመንጃ መያዝ እችላለሁ?

መልስ፦ ጠበቃ ጠይቅ። በዚህ ላይ የማንንም ወሬ አትስማ፣ የእኔንም ጨምሮ። የፌደራል ሕግ ነው፣ ስህተቱ አገር ያስለቅቃል። ቀስት በዚያ ሕግ እንደ ጠመንጃ አይቆጠርም። ፌርፋክስ ካውንቲም በፓርኮቹ ውስጥ የቀስት አደን ፕሮግራም አለው፣ ፈተና አልፈህ ነው የምትገባው። መሬት ለሌለው ጥሩ መነሻ ነው።

ከሪችመንድ፦ በጥይት የሞተ ሥጋ ግን ይበላል? ሳይታረድ፣ ሳይባረክ?

ከአሌክሳንድሪያ፦ ዋላና ሚዳቋ እኮ ዘዳግም 14 ላይ ከሚበሉት ተቆጥረዋል።

ከሪችመንድ፦ እንስሳው ንጹሕ ነው፣ እሱ አላከራከረንም። ጥያቄዬ ስለ አሟሟቱ ነው። ደሙ ካልፈሰሰ ጥንብ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ። ቢስሚላህ ብዬ ነው የምተኩሰው፣ ነፍሱ ሳይወጣ ከደረስኩ አርዳለሁ። የእኛ ኡስታዝ ይቻላል ብለውናል።

ከአሌክሳንድሪያ፦ አያቴ ጎጃም ድኩላ አድኖ ይበላ ነበር። በስመ ሥላሴ ብሎ ይባርከዋል፣ አለቀ።

ከሪችመንድ፦ የአያትህ ልማድ ቀኖና አይደለም።

መልስ፦ ይቅርታ፣ ይህን ለንስሐ አባታችሁና ለኡስታዛችሁ ተዉት። እኔ የማውቀው መሬቱን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የጠመንጃው ወቅት ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ይከፈታል፣ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15፣ ኖቬምበር 24 ይገባል። ስለዚህ ለጾመኛው የመጀመሪያዋ ሳምንት ትቅደም። ከዚያ በኋላ የሚመታው ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል።

ከማናሳስ፦ ክትፎ ይሆናል?

መልስ፦ ጥሬውን አትብላ። ኢ ኮላይም ቶክሶፕላዝማም የአጋዘን ሥጋ ላይ ይገኛል። ፍሪዘር ኢ ኮላይን አይገድልም። በደንብ አብስለው፣ ጥብሱ ግሩም ነው። ሌላ ደግሞ፣ ሲ ደብልዩ ዲ (CWD) የሚሉት የአጋዘን የአንጎል በሽታ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2010 ጀምሮ የታወቀ ነው። በሽታው ካለበት ወረዳ ጭንቅላትና አከርካሪ ይዞ መውጣት የተከለከለበት ሕግ አለ። እዚያው ከአጥንት ለይ። አስመርምረው፣ በሽታው ከተገኘበት አትብላው።

ከስፕሪንግፊልድ፦ ወንድሜ ሬስቶራንት አለው። ሥጋውን ብሸጥለትስ?

መልስ፦ አይሸጥም። ወንጀል ነው። ከተረፈህ አዳኞች ለችግረኛ ሥጋ የሚለግሱበት ፕሮግራም አለ፣ እዚያ ስጥ።

ከዋረንተን፦ ባለፈው ዓመት የመታሁት አጋዘን የጎረቤት መሬት ላይ ሄዶ ወደቀ። ሃያ እርምጃ ብትሆን ነው። ገብቼ አወጣሁት። ጥፋት አለው?

መልስ፦ አዎ፣ አለው። ሃያ እርምጃም ሁለት ሺህ እርምጃም አንድ ነው። የጠፋ ውሻውን ፍለጋ ለሚገባ አዳኝ የቨርጂኒያ ሕግ የተለየ ፈቃድ ይሰጣል፤ ለወደቀ አጋዘን ግን አይሰጥም። መጀመሪያ ባለቤቱን አግኘው። አልፈቅድም ካለህ ለአደን ፖሊስ ደውል።

ይህ ለምን ያንገበግበኛል መሰላችሁ? ኦሬንጅ ካውንቲ አካባቢ ግሩም እርሻ ነበረኝ፣ 140 ኤከር። አንድ ጓደኛዬን ሳላስፈቅድ ይዤ ገባሁ። እሱ ደግሞ ድንበሩን አልፎ ጎረቤት ማሳ ላይ ቆመ። ጎረቤቱ ለገበሬው ደወለ። ገበሬው አልጮኸብኝም። «ከእንግዲህ አትምጣ» ብቻ አለኝ። የእኔ ጥፋት ነው፣ የጓደኛዬ አይደለም። ፈቃዱ የተሰጠው ለእኔ ነበር። ስለዚህ ልድገመው። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፣ ስምህ ይኑርበት፣ ሌላ ሰው የሚመጣ ከሆነ ስሙ ይጻፍ። ድንበሩን ከገበሬው ጋር በእግርህ ዙር። የካውንቲው ካርታ በነጻ አለ፣ አትመህ ያዘው።

ከውድብሪጅ፦ አድራሻ ባትሰጥም በጥቅሉ ርካሽ መሬት የት አካባቢ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብበሃል? በጥቅሉ የሚባል መሬት የለም። የትኛው ካውንቲ ልትነዳ ትችላለህ? ቀስት ነው ጠመንጃ? ስንት ቅዳሜ አለህ? ይህን ጽፈህ ተመለስ፣ በደስታ እመልስልሃለሁ። ደግሞ ሥጋ ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣ የጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ብሔራዊ ደን 1.8 ሚሊዮን ኤከር ገደማ አለው። የግል መሬት እስክታገኝ ተለማመድበት።

ከሪችመንድ፦ እሁድ ማደን ይቻላል?

መልስ፦ በግል መሬት ላይ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ ይቻላል። ከቤተ አምልኮ 200 ያርድ ውስጥ ክልክል ነው። እኔ እሁድ ቅዳሴ ነኝ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ለገበሬው ምን ልስጠው? ብር ብሰጠው ይሻላል?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ አዳኝን በነጻ ወደ መሬቱ የሚያስገባን ባለመሬት ይከላከልለታል፤ አዳኙ ወድቆ ቢጎዳ በቀላሉ ተጠያቂ አይሆንም። ገንዘብ ከተቀበለ ግን ያ ጥበቃ ይቀርበታል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ገበሬ ብር ስታወጣ ፊቱ የሚለወጠው። ሰድበኸው አይደለም፣ ጠበቃው ትዝ ብሎት ነው። ብር መክፈል ከሆነ በውል፣ ከነኢንሹራንሱ ይሁን።

በነጻ ካስገባህ ጉልበትህን ስጠው። አጥር፣ ድርቆሽ መጫን፣ የወደቀ ዛፍ መቁረጥ። ከሥጋው አጽድተህ፣ ቆራርጠህ፣ በወረቀት ጠቅልለህ ውሰድለት፤ ብዙ ገበሬ አጋዘን ይወዳል፣ መግፈፉ ነው የሚሰለቸው። በር ክፍት ካገኘህ ክፍት ተወው፣ ዝግ ካገኘህ ዝጋው፤ ከብት አለ። ጭቃ በሆነ ቀን መኪናህን ማሳ ላይ አትንዳ። ሚስቴ ለገና ድፎ ዳቦ ትጋግርላቸዋለች። የአንደኛው ገበሬ ባለቤት አሁን ዲሴምበር ሲገባ እሷ ራሷ ደውላ ትጠይቃለች።

ከማናሳስ፦ ጋሼ፣ ፌብሩዋሪ ሂድ ብለኸኛል። ዘንድሮስ አመለጠኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አላመለጠህም። አንተ ያለህበት ፕሪንስ ዊሊያም፣ ፌርፋክስም ላውደንም፣ የሴት አጋዘን የጠመንጃ ወቅት እስከ ማርች ይዘልቃል። ጃንዋሪ ላይ አብዛኛው አዳኝ ደክሞት ቤቱ ገብቷል፣ ገበሬው ግን አጋዘኑ አሁንም አለበት። የአዳኝ ትምህርቱን አሁን ጨርስ። ላይሰንስህን አውጣ። የፈቃዱን ወረቀት አትመህ መኪናህ ውስጥ አስቀምጥ፣ እስክሪብቶም ያዝ። ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ ወደ በግ ሻጭህ ሂድ።