ቤት ውስጥ ጨዋ፣ ትምህርት ቤት ተደባዳቢ

«ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል። ዘንድሮ ሦስቴ ‹ወላጅ አምጣ› ተብሏል። በቀደም ሰልፍ ላይ እግሩን የረገጠውን ልጅ አፍንጫውን አደማው። ቤት ግን ጨዋ ነው፤ አባቱ ከገባ ድምፁ አይሰማም። አባቱ ሁሌ ልክ ያስገባዋል፤ ለውጥ ግን የለም። ጓደኞቹ ናቸው ያበላሹት። ምን ዓይነት ቅጣት ይሻለዋል?»

እህቴ፣ ስለ ጓደኞቹ ነግረውኛል። አባቱ በምን ልክ እንደሚያስገባው ግን አልጻፉም። ቀበቶ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ቤት ውስጥ ጨዋ ነው ያሉኝ ችግሩ ከቤት እንዳልሆነ ለማሳየት ይመስለኛል። እኔን ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው። አባቱ ሲገባ ድምፁ የሚጠፋ ልጅ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። የሚፈራ ልጅ ደግሞ የሰው ፊትና እጅ ሲጠባበቅ ይውላል፤ ዱላው ከየት እንደሚመጣ አያውቅማ! ትምህርት ቤትም ይዞት ይሄዳል። እግሩ ሲረገጥ ሌላው ልጅ «አይ፣ ሳያየኝ ነው» ብሎ ያልፋል። የእርስዎ ልጅ «ሆን ብሎ ነው» ይላል፤ ሳይቀደም ይቀድማል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኬኔት ዶጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ያገኙትም ይህንኑ ነው። ቤታቸው ክፉኛ የተመቱ ሕፃናት፣ ሌላው ልጅ ሳያስበው ያደረገውን እንኳ እንደ ጥቃት የማየት ዝንባሌ ነበራቸው። የተመታ ሁሉ ተደባዳቢ ይሆናል ማለት አይደለም። የጓደኛም ድርሻ ይኖራል፣ አልክድም። ግን ከየጥሪው በኋላ ቀበቶ ካለ፣ ልጁ ለሚቀጥለው ጠብ ይበልጥ ተዘጋጅቶ ይሄዳል።

በነገራችን ላይ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መምህሩ በቀበቶ ቢገርፈው ዝም ይሉ ነበር?

ስለዚህ የተሻለ ቅጣት አልመርጥልዎትም። ዱላው ይቁም። መደባደቡ ግን በዝምታ አይታለፍ፤ የመታውን ልጅ ይቅርታ ይጠይቅ። ንዴቱ ሲበርድ «ሲረግጥህ ምን አስቦ መሰለህ?» ይበሉት። መጀመሪያ ላይ «እኔ እንጃ» ብሎ ሊዘጋዎት ይችላል፤ አይቸኩሉ። የክፍል ኃላፊውንም ጠቡ የሚነሳው መቼና የት እንደሆነ ይጠይቁ።

ባለቤትዎን አልኮንንም፤ ምናልባት እሳቸውም እንዲያው ተገርፈው ይሆናል ያደጉት። ቢቻል ሁለታችሁም በአካል ባለሙያ ብታነጋግሩ እመርጣለሁ። እሳቸው ሲገቡ የእርስዎም ድምፅ የሚጠፋ ከሆነ ግን፣ መጀመሪያ ብቻዎን ይሂዱ።