ለቅሶ ቤት የተገኘ የድሮ ጓደኛ

«46 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ከሞተ 5 ዓመት ሆነው። የ19 ዓመት ልጅ አለችኝ። ስድስት ኪሎ ስማር እንደ ወንድም የማየው ጓደኛ ነበረኝ። በተመረቅን በ2 ዓመቱ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሄደ፤ ቀስ በቀስ ተጠፋፋን። ዓምና አባቱ ሲያርፉ መጣ። ለቅሶ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ሳንደዋወል የዋልንበት ቀን የለም። እሱ ሜሪላንድ ማታ ቤቱ ሲገባ እዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስለሆነ፣ ለእሱ ስል እነቃለሁ። ከሚስቱ ተፋቷል። ‹ያኔም እወድሽ ነበር፣ መናገር ፈርቼ ነው› አለኝ። አሁን የእጮኛ ቪዛ ላስጀምር ይላል። በቅርቡ ልክ እንደኛ የድሮ ጓደኛሞች ተገናኝተው የሚጋቡበት ልብ ወለድ አንብቤ፣ አልቅሼ ጨረስኩት። እናቴ ‹ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል› ትለኛለች። ልጄ ግን አኩርፋኛለች። የናፈቀኝ እሱ ይሁን ወጣትነቴ መለየት አቃተኝ። ባለቤቴ ሲሞት እንኳን አልደወለም ነበር፤ ግን እሱ ያለፈ ነገር ነው።»

እህቴ፣ እኩያሽ ነኝና «አንቺ» ልበልሽ።

ልብ ወለዱ ላይ አልፈርድም። እኔም እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ይዤ ወጥ አሳርሬ አውቃለሁ። ግን ደራሲ «ከ20 ዓመት በኋላ» ብሎ አዲስ ምዕራፍ ይጀምራል። አለቀ። አንቺ እንደዚያ መዝለል አትችይም። በእነዚያ ዓመታት አግብተሻል፣ ወልደሻል፣ ባል ቀብረሻል። እሱም ስደት ለምዷል፣ ትዳር መሥርቶ አፍርሷል። የእናትሽ ተረት ደስ ይላል፤ ግን ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ? የምታውቂው የ22 ዓመቱን ልጅ ነው። ሰውዬውን እየተዋወቅሽው ያለሽው ገና አሁን፣ ያውም በስልክ ነው።

እሱን ነው ወይስ ወጣትነቴን ብለሽ መጠየቅሽ ብልህነት ነው። ከ40 ያለፉ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ፣ በብዛት የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 30 ዓመታቸው ያለውን ጊዜ ነው። ይህ በሥነ ልቦና ጥናት ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ስለዚህ የእሱን ድምፅ ስትሰሚ ዶርሙም፣ ላውንጁም፣ ሐዘን ያልነካት ያቺ ልጅም አብረው ይመጣሉ። ይህ ስሜትሽን ውሸት አያደርገውም። ግን እስቲ አንድ ሳምንት ወሬያችሁን ታዘቢው። ስንቱ «ታስታውሳለህ?» ብሎ ይጀምራል? ስንቱስ ስለ ዛሬ ነው፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ደም ግፊታችሁ፣ ትዳሩ ለምን እንደፈረሰ?

ተስፋ አለው ወይ ብትዪኝ፣ አለው። ናንሲ ካሊሽ የተባሉ የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1990ዎቹ፣ ከቀድሞ ፍቅረኛቸው ጋር እንደገና የተገናኙ 1,001 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። 72 በመቶዎቹ በወቅቱ አብረው ነበሩ። ቁጥሩ ደስ ይላል አይደል? ግን መጠይቁን የሞሉት በፈቃዳቸው ነው። እንዲህ ያለ ታሪኩን ለመናገር የሚቸኩለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተሳካለት ነው። በዚያ ላይ እነሱ ድሮም ፍቅረኞች ነበሩ። እናንተ ጓደኛሞች ነበራችሁ። አንዳችሁ የሌላችሁን ቅናት፣ ኩርፊያ፣ ቤት አያያዝ አይታችሁ አታውቁም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የተገናኛችሁበት ቦታ ነው። ለቅሶ ቤት። አባቱን የቀበረ ሰው መሬቱ ይከዳዋል፤ ድሮ የሚያውቀውን ነገር ሁሉ መያዝ ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ ከማንም በላይ ሐዘን የሚገባሽ ሰው ነሽ። መቀራረባችሁ አይገርምም። ከሐዘን መሃል የተወለደ ፍቅር ሁሉ አይጸናም ማለቴ አይደለም። ሐዘኑ ረገብ ሲል ምን እንደሚቀር ለማየት ግን ጊዜ ያስፈልጋል።

የእጮኛ ቪዛው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። አሜሪካ ከገባሽ በ90 ቀን ውስጥ እሱን ማግባት፣ ካልሆነ አገሩን ለቀሽ መውጣት ነው። ገና ለምትተዋወቁ ሰዎች አጭር ነው። በዚያ ላይ በእሱ ቤት፣ በእሱ ከተማ፣ ያለ ሥራሽና ያለ እናትሽ ትሆኛለሽ። ፎርሙ ይቆይ። ከቻለ መጀመሪያ እሱ ይምጣና ወር ያህል ይቀመጥ፤ ለበዓል ግን ባይሆን ይሻላል። በበዓል ሁሉም ሰው ደግ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲቆም፣ አንቺ ደክሞሽ ስትነጫነጪ እይው።

ልጅሽን ፈቃድ አትጠይቂያት። ይህን ሸክም በ19 ዓመቷ አትጫኚባት። ግን ከስልክሽ ድምፅ ሳይሆን ካንቺ አፍ ትስማው። «አባትሽን የሚተካ ሰው አላመጣሁም» በያት። ከዚያ ታኩርፍ፣ መብቷ ነው። በ14 ዓመቷ አባቷን ያጣች ልጅ፣ እናቷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስልክ ይዛ ስትስቅ ብትሰማ ምን ሊሰማት እንደሚችል አስቢው።

አሁን ወደ መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ ልምጣ። «ባለቤቴ ሲሞት እንኳን አልደወለም» ብለሽ ወዲያው ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው «ያለፈ ነገር ነው» አልሽ። ካለፈ ለምን ጻፍሽው? በእኛ አገር ለቅሶ አለመድረስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ለዓመታት የሚቀያየምበት ነው። አንቺ ለአባቱ ደርሰሻል። ምናልባት አልሰማም ይሆናል። ምናልባት ሰምቶ፣ ስለሚወድሽ መደወል ከብዶት ይሆናል። ምናልባትም ያኔ ትዳር ላይ ስለነበር አልታሰብሽውም። ሦስቱ ለየቅል ናቸው፤ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አለመጠየቅሽ ይሉኝታ ይመስለኛል፣ ወይም የሚያምረው ታሪክ እንዳይበላሽ ፈርተሽ።

ዛሬ ሌሊት ሲደውል ጠይቂው። ሳትቆጪ፣ ሳታለሳልሺው። ሲመልስ ዝም ብለሽ ስሚው፤ ያንቺን ሐዘን ያዳምጣል ወይስ ቶሎ ብሎ ስድስት ኪሎ ይመልስሻል? ከዚያ እንደገና ጻፊልኝ።