በአራዳ አሮጌ ቤት ግቢ አዲስ መጠለያ፦ ጥያቄና መልስ

እዚህ አራዳ ለአንድ ዕድሜ ጠገብ ቤት ግቢ የሸራ መጠለያ እየነደፍኩ ነው። ቤቱ መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ በረንዳው እንጨት ነው፤ ግቢው 12 በ10 ሜትር። ባለቤቶቹ ክረምትም ሆነ በጋ ኤግዚቢሽንና የሙዚቃ ምሽት ሊያዘጋጁበት ይፈልጋሉ፤ መጠለያው ራሱም እንደ ቅርፃ ቅርፅ የሚታይ እንዲሆን ጠይቀውኛል። በቆዩ ቤቶች ጥገና ላይ ስለቆየሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው በዝቷል።

ለአሮጌ ቤት አሮጌ የሚመስል ነገር ነው የሚያምርበት። ለምን ዘመናዊ?

አሮጌ መስሎ የተሠራ አዲስ ነገር ሰው ያሳስታል። ነገ የሚመጣ ልጅ የቱ የጥንቱ፣ የቱ የትናንቱ እንደሆነ አይቶ መለየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥገና ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተርም፣ የሚጨመር ሥራ የዘመኑን አሻራ ይያዝ ይላል፤ ጭማሪው የሕንፃውን ውበት እንዳያጠፋም ያስጠነቅቃል። ሁለቱንም እኩል ነው የምይዘው።

ግድግዳው ላይ በቦልት ቢታሰርስ? ምሰሶ ግቢውን ያጣብባል።

በፍጹም አይሆንም። ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ግቢ እንዳይ ተጠርቼ ሄድኩ። የሸራ ጥላቸውን በረንዳው አግዳሚ ላይ በአራት ቦልት አስረውታል። ክረምት ሲገባ ውሃው በቦልቱ ቀዳዳ ሰርጎ በግድግዳው ውስጥ ወርዷል። ከውጭ ሲያዩት ልስኑ ደህና ነው፤ የስሚንቶ ልስን ስለሆነ እርጥበቱን አፍኖ ይዞታል። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ቅርፊት ተላቀቀ። ከኋላው ጭዱ በስብሶ ጭቃው እጄ ላይ ቀረ፤ ማገሩ ጠቁሯል። ያን ቀን የተሰማኝ ሐዘን እስካሁን አለቀቀኝም።

ሌላው ንፋስ ነው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ጣሪያው ክብደት ነው፤ ቀላል ጣሪያን የሚያስቸግረው ግን ከሥር ገብቶ ወደ ላይ የሚያነሳው ንፋስ ነው። ያን ጉተታ ጭቃ ግድግዳ አይችለውም። ዋሽንግተን ውስጥ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ኮጎድ ግቢ ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የመስታወት ጣሪያ እንኳ፣ ሥሩ ያለው ሕንፃ ጠንካራ ድንጋይ ሆኖ ሳለ፣ የቆመው በራሱ 8 ምሰሶዎች ነው። የእኛ በ4 የብረት ምሰሶ ይቆማል፤ ከቤቱ ጋር አንድ ቦልት አይጋራም።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መጠለያስ በራሱ ምሰሶ ቆሞም ሕዝቡን ያሰጋ የለ?

ልክ ነዎት፣ ጥያቄዎ ከባድ ነው። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት አራቱ መጠለያዎች ለጊዜው ተብለው ነበር፤ ቆዩ። ሕዝቡ የሚሰጋው የምሰሶዎቹ ክብደት በአለቱ ላይ ስላረፈና ንፋስ ሲነሳ የሚሆነውን ስለማያውቅ ነው። ከዚያ የወሰድኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ መጠለያ ሲነደፍ የሚነሳበት መንገድም አብሮ መነደፍ እንዳለበት ነው። የእኛ ብረት በብየዳ ሳይሆን በቦልት ይገጠማል፤ ተፈትቶ በጭነት መኪና ሊወጣ ይችላል።

ውሃው የት ይሄዳል?

የመጀመሪያው ስኬች ይህ ነበር፤ ቅርፁ ከዚህ ነው የወጣው። ሸራው 10.5 በ8.5 ሜትር፣ 90 ካሬ ገደማ ነው። የሐምሌ ዶፍ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 2,700 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 200 ሊትሩ በርሜል ከ13 በላይ። ይህ ሁሉ በዳር በዳር ቢፈስ በቀጥታ የቤቱን መሠረት ይመታል። ስለዚህ ሸራውን እንደ ተገለበጠ ዣንጥላ ወደ ውስጥ አዘቀዘቅነው፤ ውሃው ከዝቅተኛው ነጥብ በወፍራም ሰንሰለት ላይ እየተንከባለለ የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ከመሬት በታች ወዳለ ታንከር። አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን በሠራው የሰርፐንታይን ድንኳን የዝናቡን ውሃ ወደ መሐል ሲያወርደው ጎብኚው ሊያየው ይቆም ነበር። እዚህም ሰው ሰንሰለቱን ከቦ እንዲቆም እፈልጋለሁ።

ቱቦ ያልሆነው በበረዶ ምክንያት ነው። የአዲስ አበባ በረዶ አሸንዳ እንደሚደፍን የማያውቅ የለም። ውሃ ሸራ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ከተኛ በካሬ 100 ኪሎ ነው፤ ሸራው እየረገበ ሌላ ውሃ ይጠራል። ለዚህ ነው የሸራውን ቁልቁለት ጨምረን መጠባበቂያ መውጫ ያበጀንለት።

መስታወት አይሻልም? ብርሃን ይሰጣል።

ድርብ መስታወት ባለ 12 ሚሊ በካሬ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ በጠቅላላው 2.7 ቶን። የምንጠቀምበት ሸራ በካሬ 1 ኪሎ ገደማ ነው፣ ብርሃንም ያሳልፋል። ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይቀየራል።

ፀሐዩንስ?

ብዙ ሰው ፀሐይ ሁሌ ከደቡብ ናት ብሎ ያስባል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ግንቦት ላይ በረንዳውን የሚያቃጥለው እሱ ነው። የሰሜኑን ጫፍ ዝቅ ያደረግነው ለዚህ ነው።

በጀበና ወይም በመሶብ ቅርፅ ቢሠራ ባህላችንን አያሳይም?

ይህን ብዙዎች ጠይቀዋል፤ አሳቡን አከብራለሁ፣ ግን አልስማማም። ጀበና ለቡና የተሠራ ቅርፅ ነው፤ አንገቱ ቀጭን የሆነው ለምክንያት ነው። 10 ሜትር አድርገን ስናቆመው ምክንያቱ ይጠፋል። ባህል ካልን እዚያው ቤት ላይ አለ፦ በበረንዳው እንጨት ላይ የተቀረፀው ጌጥ። ሸራው ከግድግዳው 75 ሳንቲ ሜትር የራቀው ያ እንጨት ከግቢው እንዲታይ፣ ግድግዳውም ንፋስ አግኝቶ እንዲደርቅ ነው።

ፈቃድ?

ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቋሚ ቅርስ ላይ የጥገና ሥራ የሚሠራው አስቀድሞ በማስፈቀድ ነው። መሬት ከመቆፈሩ በፊት ቅርስ ባለሥልጣን ጋ ይሂዱ።

ግቢው ውስጥ ያለችው ወይራ ትቆረጣለች?

አትቆረጥም። ሥሯን እንዳንነካ አንዱን ምሰሶ 1.5 ሜትር አዛወርነው፤ መጠለያው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለው ለእሷ ብሎ ነው። ሸራው ላይ ቀዳዳ ተትቶላታል። በዚያ በኩል ዝናብ ይገባል፤ ይግባ።

ልጄ፣ እዚያ ሰፈር ነው ያደግሁት። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ሊቀር ነው?

አይቀርም እማማ። የቤቱ ቆርቆሮ አይነካም። በረንዳው ላይ ሲቀመጡ የቆርቆሮው ድምፅ ከላይዎ፣ የሰንሰለቱ ከፊትዎ ይሆናል። ሥራው ሲያልቅ ሐምሌ ላይ ይምጡ፣ ወንበር አወጣልዎታለሁ።