መልስ፦ ጉዳቱ በራሴ ላይ ካልደረሰ በማዕድን ኩባንያው ላይ ማመልከት እችላለሁ ወይ?

ይችላሉ። ስታዲየም አካባቢ ያነጋገሯቸው ማመልከቻ ጸሐፊ «ተጎጂው ራሱ ካልመጣ አይሆንም» ያሉዎት ለተራ የካሳ ክስ ሊሠራ ቢችልም፣ የውጭው ኩባንያ የትውልድ ወረዳዎን ወንዝ በክሏል ለሚለው አቤቱታ ግን አይሠራም፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤት እንዲል ፈቅዷል።

አቤቱታው በመጀመሪያ የሚቀርበው ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ አቻ መሥሪያ ቤት ነው። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልረኩ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ጊዜው ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት ይቻላል። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ይግቡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ሳይደረግበት አይውጡ። «ነገ ይመለሱ» የሚል የቃል መልስ ቀን አያስቆጥርም።

የኩባንያው ጥበቃዎች ፈጸሙት ያሉትን ድብደባ ከወንዙ ብክለት ጋር በአንድ ወረቀት አያጭቁት፤ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ለብቻው ያቅርቡት፣ በቃልም ይቀበላሉ። የኩባንያው አገር ፍርድ ቤትም ዝግ አይደለም፦ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 በኤርትራው የቢሻ ማዕድን በግዳጅ ሠርተናል ያሉ ሰዎች በካናዳው የማዕድን ኩባንያ በኔቭሰን ላይ ያቀረቡት ክስ እንዲቀጥል ፈቅዷል። ዓመታት የሚፈጅ በመሆኑ ግን ከዚያ አይጀምሩ።

አንድ ጥንቃቄ፦ የምስክሮችን ስም በማመልከቻው ላይ አይዘርዝሩ። ወረቀት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ቅጂው ተከሳሹ እጅ ሲገባ አይቻለሁ። ስሞቹን ለብቻ ይያዙና መርማሪው ሲጠይቅ፣ ምስክሮቹም ሲፈቅዱ ብቻ ይስጡ።