ኤምቢኤ ሳይማሩ ማኔጅመንት፦ ከየት ይጀመር?

ጥያቄው "የስድስት ሠራተኞች ኃላፊ ሆኛለሁ። ኤምቢኤ ለመማር ገንዘቡም ጊዜውም የለኝም። የቢዝነስ ትምህርት ቤት ምሁራን በነፃ የሚያወጡትን ጽሑፍ እያነበብኩ ማኔጅመንት መማር እችላለሁ ወይ?" የሚል ነው።

ይችላሉ፤ ብቻ ከጽሑፉ ሳይሆን ከችግርዎ ይነሱ። ዛሬ ስለ ስትራቴጂ፣ ነገ ስለ ድርድር የሚያነብ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ቃላቱን ይዟል፤ ሥራው ግን እንደነበረ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር የሚያስቸግርዎትን አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። "አመራሬ ደካማ ነው" አይበቃም። "ሪፖርት እንደሚዘገይ የምሰማው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው" ቢሉ ግን ምን እንደሚፈልጉ ይታወቃል።

የሃርቫርዱ ዎርኪንግ ኖውሌጅ፣ ኖውሌጅ አት ዋርተን፣ ኢንሲያድ ኖውሌጅና ኬሎግ ኢንሳይት የተባሉት የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ድረ ገጾች ለመነሻ ይበቃሉ። በችግርዎ ላይ የተለያዩ ሰዎች የጻፏቸውን ሦስት ጽሑፎች ብቻ ይምረጡ። እያንዳንዱን ሲያነቡ ጥናቱ በእነማን ላይ እንደተደረገ፣ ምን እንደተለካና ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ይመዝግቡ። እነዚህ ሦስት ነገሮች የሌሉበት ጽሑፍ የጸሐፊው አስተያየት ነው፤ ሊጠቅም ይችላል፣ እንደ ማስረጃ ግን አይያዝ።

ለዘገየው ሪፖርት የሚሆን አንድ ጥናት ላንሳ። የሃርቫርዷ ፕሮፌሰር ኤሚ ኤድመንድሰን የሆስፒታል ቡድኖችን ሲያጠኑ፣ ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት የተመዘገበባቸው ሆነው ተገኙ። ማብራሪያቸው እነዚህ ቡድኖች ስህተታቸውን ሳይፈሩ ይናገራሉ የሚል ነው። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ኃላፊ "ለሠራተኛ ደግ ሁን" ማለት ይመስለዋል፤ ከሠራተኛ የሚጠብቀውን የሥራ ደረጃ ዝቅ ያደርግና ሪፖርቱም መዘግየቱን ይቀጥላል። ቁም ነገሩ ያለው መጥፎ ወሬ ሲመጣ ኃላፊው መጀመሪያ በሚናገረው ቃል ላይ ነው።

ይህን ወደ ሥራ ሲያወርዱት እንዲህ ይሆናል። ሪፖርቱ የሚደርሰው አርብ ከሆነ ማክሰኞ አሥር ደቂቃ ይሰብሰቡ። "ሁሉም ደህና ነው?" አይበሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ "አዎ" ነው። "ለአርብ ላይደርስ የሚችለው የቱ ነው?" ብለው ይጠይቁ። አንዱ ሲናገር "ለምን?" ከማለትዎ በፊት "ቀድመህ መንገርህ ጥሩ ነው፤ ምን ቢሟላልህ ይደርሳል?" ይበሉ። እዚህ ላይ አንድ ቀን በሰው ፊት ከተቆጡ፣ የቀሩት አምስቱ በሚቀጥለው ማክሰኞ ዝም ይላሉ።

በየሳምንቱ ሁለት ቁጥር ይጻፉ፦ ስንት ሪፖርት ዘገየ? ከዘገዩት ውስጥ ስንቱን ቀድመው ሰሙ? መጀመሪያ የሚሻሻለው ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው አልቀነሰም ብለው በሁለተኛው ሳምንት አይተዉት። ስድስት ሰው ጥቂት ስለሆነ የአንዱ ፈቃድ መውጣት ብቻ ቁጥሩን ያዛባዋል፤ ቢያንስ አራት ሳምንት ይጠብቁ። በእነዚህ ሳምንታት ሌላ አዲስ ነገር አይጀምሩ፤ ለውጥ ቢመጣ ከየትኛው እንደመጣ አያውቁም።

ፋይናንስ ግን በዚህ መንገድ አይሆንም። አንዱ በሌላው ላይ የሚገነባ ትምህርት ስለሆነ ቅደም ተከተልና የእጅ ልምምድ ይፈልጋል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስዋት ዳሞዳራን የኮርፖሬት ፋይናንስ ኮርሳቸውን በነፃ ስለለቀቁት፣ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምረው ስሌቱን ራስዎ እየሠሩ ይከተሉት።